በኬቶኑ ወረቀት ላይ ያልጻፍኩት

ያን ሰውዬ አሁንም አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ከዚህ በታች ስለ እርሱ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው እያወቀ ያንብበው። ያላየሁትን ግን አልጨምርም። ያየሁትንም አልቀንስም፤ መቀነስ ምን እንደሚያመጣ አንድ ጊዜ አይቻለሁ።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ስኳር በሽታ የያዛት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያኔ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቀው መንደራችን ነበርን። ውሃ ጠጥታ አትረካም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀሚሷ ከላይዋ የሚወድቅ መሰለ። አንድ ቀን ጠዋት ከመደቧ አልነሳ አለች፤ ትንፋሿም እንግዳ ሽታ አመጣ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ወገዳ አደረሳት፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሆስፒታል ተላከች። ሐኪሙ አባታችንን "ደሟ ውስጥ ኬቶን ሞልቷል፤ ግማሽ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አታተርፏትም ነበር" አላቸው። አባታችን ቃሉ አፋቸው ላይ ስለማይቀመጥላቸው እስከ ዛሬ "ያ መርዝ" ነው የሚሉት። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት።

መርፌዋን ከገጠር መመላለስ ስላልተቻለ ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ተከራይታ ልብስ መስፋት ጀመረች፤ እኔም ትምህርት ቤት ለመግባት ተከትያት መጣሁ። ኢንሱሊኗን የምናስቀምጠው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ነው። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ የማርከፈክፈው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛም የተማርኩት ከክፍል ይልቅ ከዚሁ ነው፤ በኢንሱሊኑ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣ ቀጭን ወረቀት አለ፣ በጥቃቅን ፊደል የታጨቀ። የማላውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ፣ በደብተር እየጻፍኩ፣ አንዱን ወረቀት ለመጨረስ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ ካርቶን በመጣ ቁጥር እህቴ ወረቀቱን አውጥታ ትሰጠኛለች፤ እኔም አነብላታለሁ። ያው ወረቀት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ አንድም መስመር አልዘልም። እርሷም መርፌውን በእጇ ይዛ እስክጨርስ ትጠብቃለች።

ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም። ቀን ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። ጎበዝ ሯጭ አልነበርኩም፤ ደካማም አልነበርኩም።

ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ የሚያሠለጥነን ሰውዬ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ የሮጠ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ የተመለሰ ነው። አሰልጣኝ እንለዋለን። የሁዳዴ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ነፋሱ ዓይን በማያስገልጥበት ጠዋት፣ አንድ ነጭ ጣሳ ከሹራቡ ስር አወጣ።

"ጾመኞች ናችሁ፤ ጥሩ" አለ። "ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ስብ ያነዳል። ከዚያ የሚወጣው ኬቶን ይባላል። ሯጭ የሚበረው በእርሱ ነው። ውጭ አገር ያሉት ይኸን ዱቄት በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ ሰው ሳይራብ የጾመኛ ጉልበት ያገኛል።"

ከመካከላችን አንድ ዲያቆን አለ፤ ሦስት ሺህ ሜትር የሚሮጥ። "የተዘጋጀ ጾም ነው በሉን" አለ።

"በማንኪያ።"

"ይኸንማ ቀሳውስቱ ይስሙት። ሃምሳ አምስቱን ቀን በሁለት ማንኪያ እንገላገል ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጣሳው ላይ የተጻፈው ቃል ያው ቃል ነበር፤ እህቴን በቃሬዛ ያስወጣት።

ለቅምሻ የወሰዱት ዲያቆኑና ሁለት ሌሎች ልጆች፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በነበረው ልምምድ ላይ ጠጥተው መጡ። ጣዕሙ ጨው ሆኖ ላዩ ላይ ብርቱካን የተረጨበት ነው፤ ከምላስ ቶሎ አይወርድም። ሁለተኛው ዙር ላይ ዲያቆኑ ሆዱን ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ። ሲመለስ አሰልጣኙ "እንዴት ነው?" አለው።

"ፍጥነቱስ ጨምሯል" አለ ዲያቆኑ። "አቅጣጫው ነው የተሳሳተው።"

እኔ ቀልድ አይሆንልኝም። ነገሩን ልፈትነው አልኩ። አራት ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ያንኑ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጫማ ሮጥኩ፤ ሁለቱን ቀን ጠጥቼ፣ ሁለቱን ቀን ሳልጠጣ። ሰዓቴን በደብተር ጻፍኩ። ከጠጣሁባቸው ቀናት አንዱ ካልጠጣሁበት በሁለት ሰከንድ ዘግይቷል፤ ሌላው እኩል ነው። ሆዴም ነፍቶ ነበር። ከስሩ "ለውጥ የለም" ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የእህቴን የሽንት ኬቶን መመርመሪያ አንድ ቁራጭ ወስጄ በራሴ ላይ ሞከርኩ። ይህ መመርመሪያ ጫፉ ላይ ቀለም የሚለውጥ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ቶሎ ስለማይገኝ አንዱን በምላጭ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። የመመርመሪያዎቹ ብልቃጥ ጎን ላይ ስድስት የቀለም ሳጥኖች አሉ፤ የመጀመሪያው ነጣ ያለ ቢጫ፣ ስድስተኛው ጥቁር ወይን ጠጅ። የሚመከረውን እጥፍ፣ አራት ማንኪያ ሙሉ ጠጥቼ ቀለሙ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ቆመ፤ ፈዛዛ ሮዝ። ይህንንም ጻፍኩ።

ይህ ሁሉ በደብተሬ ሰፍሮ እያለ ነው አሰልጣኙ ወደ ሱቄ የመጣው።

"አንተ ሊቁ" አለኝ፤ የሜዳ ስሜ ነው። "እጅ ጽሑፍህ የማተሚያ ቤት ይመስላል ይላሉ። ይኸን ጣሳ ወደ አማርኛ መልስልኝ። አንድ ገጽ፤ ኮፒ አደርገዋለሁ። ለክልሉ የሯጮች ምርጫ የሚሄዱትን ስም ስጽፍ ደግሞ አልረሳህም።"

ስሜ ዝርዝሩ ላይ እንዲገባ ብቻ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅርታ ባደረግሁ። ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ የጎተተኝ ሌላው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው እንድጽፍለት ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩት። "ጉልበት ይሰጣል" ብዬ ጻፍኩ፤ በደብተሬ "ለውጥ የለም" ያልኩ ሰው። "ረኀብ ያስታግሳል፤ ለሰውነት የጾምን ጥቅም ይሰጣል" ብዬም ጻፍኩ፤ ጣሳው ላይ እንዲህ ይላልና። በመጨረሻ ከጣሳው ግርጌ በደቃቁ የሰፈረችውን አስገባሁ፦ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ፤ ይህ መጠጥ መድኃኒት አይተካም። ሁለት መስመር ሞላች።

አሰልጣኙ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱን አስቀመጠ።

"ይኸ ለማን ነው?"

"ስኳር ላለበት።"

"ከኔ ሯጮች ማነው ስኳር ያለበት?"

"ሯጭ ያልሆነ ሰው ቢያነበውስ?"

"ሯጭ ያልሆነ ሰው የሯጭ ወረቀት ምን ያደርግለታል? አንተ ሰውን የምታስታምም ነው የምትመስለው። ያምራል፤ ይኸን ብቻ አውጣው።"

"ጣሳው ላይ አለ እኮ።"

"ካለ ታዲያ መድገሙ ምን ይሠራል?"

መልስ ነበረኝ። ጣሳው ላይ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሦስት እርምጃ የማይነበብ ነው፤ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። አላልኩም። አዲስ ወረቀት አውጥቼ እንደገና ገለበጥኩት። ሁለቱ መስመሮች ሲቀሩ የገጹ ግርጌ ባዶ ሆነና ጥርስ የወለቀበት አፍ መሰለኝ። ከዚያ በፊት እህቴን ይዤ ጋይንት ቤተ ልሔም ለንግሥ በሄድኩ ጊዜ በብራና መጻሕፍቱ ላይ ያየሁትን ሐረግ፣ ያን በቀለም የሚጠላለፍ ጌጥ፣ በልቤ ይዤው ነበር። ቦታው ላይ እርሱን ሣልኩበት። ገመዱ በገመዱ ውስጥ አልፎ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ አንድም ስሕተት የለበትም። ከሰዓት በላይ ወስዶብኛል። ከጽሑፉ ሁሉ በላይ የኮራሁት በእርሱ ነው።

ወረቀቱ በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ አየሁት፤ ባጃጅ መስታወት ላይ አየሁት። አሰልጣኙ ከላይ በራሱ ጠማማ ፊደል "ለጤናም" የሚል ጨምሮበታል። ይህን ሳይ ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ። ያሳሰበኝ ግን የእርሱ ፊደል የእኔን ገጽ ማበላሸቱ ነበር። ለእህቴ አላሳየኋትም። ቃሉን ስለምትጠላው ነው አልኩ ለራሴ።

አሁን ስለ እህቴና ስለ ጾም መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ቀጥሎ የሆነው አይገባም።

ከታመመች ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ አታውቅም። መርፌዋን ጠዋትና ማታ ትወጋለች፤ ከተወጋች ደግሞ መብላት አለባት። የነፍስ አባቷ ቤተ ልሔም የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ያኔ "ልጄ፣ አንቺ መርፌሽን ተወግተሽ በሰዓቱ ብትበዪ እርሱ ጾምሽ ነው" ብለዋታል። በአፏ እሺ አለች። ነገር ግን በሁዳዴ ጠዋት በሯን ዘግታ ነው የምትበላው። ደንበኛ ካንኳኳ ሳህኑን ከምትሰፋው ጨርቅ ስር ትከተዋለች። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ቀሚስ ልታስለካ ገብታ ከንፈሯ ላይ የሽሮ ምልክት አየችና "እቴ፣ ጾሙ ገብቷል እኮ፤ አልሰማሽም?" አለቻት። እህቴ የሴትዮዋን ቀሚስ በዚያው ቀን ጨርሳ ሰጠቻት፤ ቶሎ እንድትሄድላት።

በዚያ ዓመት፣ ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ፣ ጠዋት ከልምምድ ስመለስ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘው ጀመር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን ሴቶች ከደጅ ቆማ ትስማለች። በዘጠኝ ሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር ማዕድ ቀረበች፤ "ዛሬ ደግሞ ጾሙ እንዴት ከብዶኛል" ስትል ሰማኋት፤ እንደ ማንኛውም ሴት። ደስ አለኝ። እኔ ከመምጣቴ በፊት የምትበላ መስሎኝ ነበር። ከንፈሯ መድረቁን አይቻለሁ፤ ጠዋት አሸዋውን ውሃ ሳጠጣ የማሰሮዋ ክዳን ትናንት ማታ እንዳስቀመጥኩት መሆኑንም አይቻለሁ። ሁለቱን አላገናኘሁም።

በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ መኪናዋ ዝም ብሏል። ጨርቁ በመርፌው ስር እንደተያዘ ነው። እህቴ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትተነፍሳለች፤ ጥልቅና ፈጣን፣ ዳገት ጨርሶ የቆመ ሰው እንደሚተነፍስ። ቀረብ ስል ሸተተኝ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ረስቼው አላውቅም።

"እታለም፣ መርፌሽን ተወጋሽ?"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወጋለሁ።"

"የጠዋቱንስ?"

"ሳልበላ ብወጋ ይጥለኛል አይደል? ጠዋት እኮ እየጾምኩ ነው።" ይህን የምሥራች እንደሚነግር ሰው ነው ያለችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ባልዲው ላይ አስመለሰች።

የክር ሳጥኗን ከፈትኩ። ነጩ ጣሳ ከጥቅል ክሮቹ መካከል ተቀምጧል፤ ከሥሩ ወረቀቴ፣ በአራት ታጥፎ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ በውሃ። ቅዳሴ ስላልገባችና ስለማትቆርብ ውሃው ጾም አይፈታም ብላ ራሷን አሳምናለች፤ መድኃኒት ነው ብላ።

ብልቃጡን አወጣሁ። ዘንጉን ለመሰንጠቅ ምላጭ አልፈለግሁም፤ ሙሉውን ሰጠኋትና ደግፌ ወደ ጓዳ ወሰድኳት። መልሳ ስትሰጠኝ ቀለሙን ከብልቃጡ ጋር ማስተያየት አላስፈለገኝም። ወይን ጠጁን አልፎ የጠቆረ ነበር።

አሰልጣኙ ደጁ ላይ የቆመው በዚህ ሰዓት ነው። ሁለተኛ ጣሳ አምጣልኝ ብላው ኖሯል።

"እንዴት አደራችሁ" አለ። ዘንጉን በእጄ ሲያይ ፈገግ አለ። "ይኸ ጥሩ ምልክት ነው። ቀለም ያመጣል ብዬ ነግሬያታለሁ። መጠጡ ሠርቷል ማለት ነው።"

እህቴ ከአልጋዋ "ነግሮኛል፤ አትደንግጥ" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ለመሄድ ፈቃደኛ አልነበረችም። ከሄደች ጾሟ ይፈርሳል፤ ከሄደች ዳግመኛ በሯን ዘግታ የምትበላ ሴት ትሆናለች። ሰውዬው ደግሞ ደጁን ሞልቶ ቆሞ እርሷ የምትፈልገውን ይነግራታል። ደብተሬን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

"እዩት" አልኩ። "እኔ እርሷ ከምትጠጣው እጥፍ ጠጥቼ ነው የተመረመርኩት። ሁለተኛው ሳጥን። ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል። ይህ ስድስተኛው ነው።"

"ሰው ይለያያላ።"

"ኢንሱሊን ያለውና የሌለው ይለያያል። ይህ ከጣሳህ የመጣ አይደለም። መርፌዋን ስላልተወጋች ደሟ ውስጥ የተሠራ ነው።"

"ከጣሳህ?" አለ። "አንተ አልከኝ?"

"መንገዱን ልቀቅ።"

"ወረቀቱን የጻፍከው ራስህ፤ አሁን ሐኪም ሆንክ?"

እህቴ አልጋው ላይ ሆና ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ዓይኗ ደብተሩ ላይ ቆመ። "ሁለተኛው ነው ያልከው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ነጠላዋን ፈለገች።

ባጃጁ ውስጥ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ነበር። ድንጋዩ ባነጠረን ቁጥር ትቃትታለች። አሰልጣኙ ጣሳውን ከብብቱ ስር አድርጎ ወደ ሜዳው ሲሄድ አየሁት፤ በተጎዳው ጉልበቱ እያነከሰ። አላዘንኩለትም።

ሆስፒታል የተቀበለን ጤና መኮንን ልጅ እግር ነው። ምን እንደወሰደች ሲጠይቀኝ ወረቀቱን ሰጠሁት። ነርሷ በደም ሥሯ የሚገባውን የጨው ውሃ ስትሰቅል እርሱ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ የቀረ ነገር ያለ እንደሆነ።

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ።"

ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። "እጅህ ያምራል" አለ። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ የሚነግረኝን ሁሉ በነርሷ በኩል ነበር የሚልክብኝ።

በሁለተኛው ቀን የነፍስ አባቷ መጡ። እህቴ ተኝታ ነበር። እርሳቸውም ወረቀቱን ጠየቁኝ፤ ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡት። ከውስጡ ያወጣኋቸውን ሁለት መስመሮች ነገርኳቸው። ጣታቸውን በሐረጉ ላይ አሄዱ።

"ይኸን ከየት አየኸው?"

"ከቤተ ልሔም ነው፣ አባቴ።"

"እዚያ ብዙ ዓመት ተቀምጬአለሁ" አሉ። "ጸሐፊ ሰው ነውና መስመር ይዘላል። ሲያገኘው ግን በኅዳጉ ላይ፣ በጎን በኩል፣ ምልክት አድርጎ ይጽፈዋል። ገጹ ይበላሻል፤ ይበላሽ። በዘለለው ቦታ ላይ ጌጥ የሣለ ግን አላየሁም።"

ይህን ብለው ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ቀና ብላ የተቀመጠችው በሦስተኛው ቀን ነው። አጥሚቱን ግማሽ ጠጥታ አስቀመጠችው።

"ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳየው አልፌው ነበር" አለች። "ቃሉን አይቼ። ከዚያ እጅ ጽሑፍህን ለየሁት። ተመልሼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ስኳር የሚል ፈለግሁ። የለም። ወንድሜማ አንድ መስመር አይዘልም አልኩ፤ ለእኔ የሚያሰጋ ቢሆን ኖሮ እርሱ ይጽፈው ነበር። ሰውዬውን አይደለም ያመንኩት።"

"ጽፌው ነበር" አልኳት። "አውጣው አለኝ።"

"ቦታ አልበቃ ብሎ ነው?"

መዋሸት እችል ነበር። "በቅቷል" አልኩ። "ሐረጉ ያለበት ነው።"

አጥሚቱን አንስታ የቀረውን ጠጣች። "ያምራል ብዬ ነበር" አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ለመሮጥ አልነበረም። አሰልጣኙ የቀሩትን ወረቀቶች እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። በልጆቹ ፊት ሳቀ። "ሊቁ መጽሐፉን ሊሰበስብ መጣ" አለ። "ስምህን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፤ እንዳትደክም።" ዲያቆኑ ብቻ አልሳቀም። ከቦርሳው አንድ ቅጂ አውጥቶ ሰጠኝ፤ "ቤት ደግሞ ሁለት አለ" አለኝ።

የቀሩትን ፈልጌ አገኘኋቸው። ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት፣ መናኸሪያው አጥር፣ ባጃጆቹ ላይ። አልቀደድኳቸውም። በቀይ እስክርቢቶ በኅዳጉ ላይ፣ በጎን፣ ሁለቱን መስመሮች ጻፍኩ፤ ሐረጉ ላይም የመስቀል ምልክት አድርጌ ወደ እነርሱ የሚያመለክት መስመር ሳብኩ። አንዳንዱ ከፍ ብሎ ስለተለጠፈ ወንበር መለመን ነበረብኝ። የፀጉር ቤቱ ሰውዬ "ያን የመሰለ ገጽ አበላሸኸው" አለኝ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ወደ እስቴ ሊሄድ ሲል ነው የደረስኩበት፤ መስታወቱ ላይ ስጽፍ ሞተሩን አላጠፋም፣ ፊደሌ ተንቀጠቀጠ። እንደዚያው ተውኩት። ያላገኘኋቸው እንዳሉ አውቃለሁ። አሰልጣኙ አሁንም ሜዳው ላይ ነው፤ ጣሳውም አለ። በመንገድ ስንተላለፍ እኔም እርሱም አንጠያየቅም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ። እህቴ ጠዋት መርፌዋን ተወጋች፤ ቂጣዋንና ሽሮዋን በሳህን አድርጋ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። በሩን ልዘጋላት ተነሳሁ።

"ተወው" አለች።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት በደጁ ያልፋሉ። አንዷ ቆም ብላ አየቻት። እህቴ ጎረሰች፤ አኘከች፤ "እንዴት አደርሽ" አለቻት። ሴትዮዋ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ አለፈች። እህቴ ሳህኑን አልሸፈነችውም።

በዚያው ሳምንት አዲስ የኢንሱሊን ካርቶን መጣ። ወረቀቱን አውጥታ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ለጎረቤታችን ሰጠቻት፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ፣ እንግሊዝኛ ትንሽ የምታውቅ ሴት ናት። "እስኪ አንብቢልኝ" አለቻት። ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ዝናብ ስለነበር ከጣሪያው ጫፍ ስር ቆምኩ፤ ድምፁ በበሩ በኩል ይመጣል። ሴትዮዋ እየተንተባተበች ታነባለች፤ ያልገባትን ትገምታለች። ማረም የእኔ ሥራ አልነበረም። ከዚያ መርፌ መዝለልን የሚያስጠነቅቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ቃሉ ከበዳትና ወደሚቀጥለው ወረደች።

"አንድ መስመር ተዘለለ" አልኩ ከውጭ።

"ተመለሺና አንብቢው" አለቻት እህቴ። እኔን አልጠራችኝም። ሴትዮዋ ከመስመሩ መጀመሪያ ጀምራ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረች፣ ስትጨርሰው ሰማኋት።